የመኪና ቁልፍ ሲጠፋ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ምን ይደረጋል?

ቁልፍ ጠፍቶባችሁ ባለሙያ ጋ ስትደውሉ የመጀመሪያው መልስ ጥያቄ ነው። የምን መኪና? የስንት ስሪት? ብረት ብቻ ነው ወይስ ቺፕ አለው? በቁልፍ ነው የሚነሳው ወይስ በፑሽ ስታርት፣ ማለትም በጣት ተጭነው በሚያስነሱት? ሌላ የሚሠራ ቁልፍ ቤት ቀርቷል? እነዚህን ሳትመልሱ "ብቻ ና" ካላችሁት ሰውዬው ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ መጥቶ "ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልያዝኩም" ሊላችሁ ይችላል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙ። አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ እያለ ሁለተኛ ማሠራት ቀላል ነው። ሁሉም ከጠፋ በኋላ ማሠራት ግን ሌላ ሥራ፣ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ዋጋ ነው። መኪናውን ወደ ባለሙያው መውሰድ ስለማትችሉ ወይ እሱ ይመጣል፣ ወይ መኪናው ይጫናል። ስለዚህ ይህን የምታነቡት ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ከሆነ፣ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስትወርዱ አንድ ትርፍ አሠርታችሁ ተመለሱ።

ቁልፋችሁ ምን ዓይነት ነው?

የዛሬ መኪና ቁልፍ ላይ እስከ ሦስት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ብረቱ፣ ቺፑና ሪሞቱ። ሦስቱም የተለያየ ሥራ አላቸው፣ ሲበላሹም ለየብቻ ነው።

ብረቱ በሩንና መሪውን ይከፍታል፣ በቃ። የድሮ ዲኤክስ፣ የድሮ ላንድ ክሩዘር፣ ብዙዎቹ አይሱዙዎች፣ አባዱላዎችና ባጃጆች ከዚህ በላይ ምንም የላቸውም። ለእነዚህ ቁልፍ ቀራጭ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ያለቀ ቁልፍ አስይዛችሁ ካስቀረጻችሁ ያለቀ ቁልፍ ነው የምታገኙት። የቅጂ ቅጂ ሲሆን ደግሞ አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ከመኪናው ጋር የመጣው የፋብሪካ ቁልፍ ካለ እሱን አስቀርጹ፤ እሱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣችሁ በቅጂው ንዱ።

ቺፑ የቁልፉ ጭንቅላት፣ ማለትም ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ነገር ናት። ባትሪ የላትም። ቁልፉን ስታስገቡ በመግቢያው ዙሪያ ያለው የሽቦ ቀለበት ማዕበል ይለቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎ ኸርዝ፤ ቺፗ ከዚያው ማዕበል ጉልበት ወስዳ ትነቃና ማንነቷን ትናገራለች። መኪናው ውስጥ ያለው ኢሞቢላይዘር የሚባለው ክፍል የይለፍ ቃል እንደሚጠይቅ ዘበኛ ነው። መልሱ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ነዳጅ ይዘጋል ወይም ካንዴላው እሳት እንዳያገኝ ያደርጋል። ለዚህ ነው በትክክል የተቀረጸ ቁልፍ በሩን ከፍቶ፣ መሪውን ፈትቶ፣ ሞተሩን እንኳ አሽከርክሮ ሳያስነሳ የሚቀረው። አንዳንዱ መኪና ደግሞ ተነስቶ ከሰከንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ሰው ይህን ሲያይ ፓምፑን ይጠረጥራል፣ ፊልትሮ ያስቀይራል። መጀመሪያ ቁልፉን ጠርጥሩ።

ቺፕ ይኑረው አይኑረው ማወቂያው ቀላል ነው። መኪናው ጠፍቶ ሲቆለፍ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት፣ ብዙ ጊዜ የመኪናና የቁልፍ ምልክት ያለበት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኢሞቢላይዘር አለው ማለት ነው። ሌላው ዘዴ የቁልፉን ጭንቅላት ምግብ በሚጠቀለልበት የአልሙኒየም ፎይል ደርቦ መጠቅለልና ማስነሳት ነው። ካልተነሳ ቺፕ አለው። ከተነሳ ምናልባት የለውም፤ "ምናልባት" ያልኩት ፎይሉ ሁልጊዜ ማዕበሉን ሙሉ ለሙሉ ስለማይጋርድ ነው።

በስሪት ዘመን ብቻ አትፍረዱ። አውሮፓ ውስጥ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ኢሞቢላይዘር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፣ ካናዳ በ2007። ከጃፓን ወይም ከገልፍ የመጣ መኪና ግን ከዚያ በኋላ ተሠርቶም ሳይኖረው ሊመጣ ይችላል። ተመሳሳይ ሁለት ቪትዝ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ቺፕ ኖሮት አንዱ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ "የጎረቤቴ ቪትዝ በተራ ቁልፍ ነው የሚነሳው" የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ሪሞቱ ባትሪ ያለው ክፍል ነው። በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያንጫጫል። ብረት ባለው ቁልፍ ላይ የሪሞቱ ባትሪ ቢሞትም ሞተሩ ይነሳል፣ ምክንያቱም ቺፗ ሌላ ናት። ስለዚህ ሪሞቱ አልሠራም ብላችሁ ሙሉ ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት የሁለት ደቂቃ የባትሪ ቅየራ ሞክሩ።

ስማርት ቁልፍ ደግሞ ከኪስ ሳይወጣ ነው የሚሠራው። መኪናው በአጭር ርቀት ይጣራል፣ ቁልፉ በሬዲዮ ይመልሳል። እዚህ ላይ የሚያጣላ ነገር አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው የሚናገሩበት ፍሪኩዌንሲ ይለያያል፤ የአውሮፓው ብዙውን ጊዜ 433 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን የጃፓኑ በ315 አካባቢ ነው። ቅርጹ፣ አርማው፣ መጫኛዎቹ ሁሉ አንድ ሆነው አይግባቡም። አብዛኛው የቶዮታ ስማርት ቁልፍ ደግሞ አንዴ ከአንድ መኪና ጋር ከተመዘገበ ይታሰራል፤ ካልተፈታ ለሌላ አይሆንም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሪሞት በቅናሽ አይታችሁ ልባችሁ ቢዘል፣ "ካልሠራ ትመልስልኛለህ?" ብላችሁ ሳታስምሉ ብር አትክፈሉ።

ጠፋ በተባለ በመጀመሪያው ሰዓት

መጀመሪያ ፈልጉ። ቀልድ አይደለም። ጋቢ እና ካፖርት ደርቦ የሚሄድ ሰው፣ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሞቆት አውልቆ ኋላ ወንበር የሚወረውር ሰው፣ ቁልፉ የት እንደገባ አያውቅም። የካፖርቱ ኪስ ተቀዶ ገበሩ ውስጥ ወርዶ ይገኛል። ቁርስ የበላችሁበት ቤት ደውሉ። መኪናው ውስጥ ተቆልፎ እንደሆነ በመስታወት እዩ።

ውስጥ ከተቆለፈ ሽቦና ካቻቢቴ ይዞ የሚመጣውን ጎረምሳ ቀስ በሉት። አዳዲስ መኪኖች በር ውስጥ ገመድና የኤርባግ ሴንሰር አለ፤ በሽቦ ሲታመስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሩን በአየር ትራስ ጥቂት አላቆ ይከፍታል። ሕፃን ውስጥ ካለና ፀሐዩ ከበረታ ግን ምንም አትጠብቁ። ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት ስበሩ። መስታወት ይተካል።

በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ቁልፉን ያገኘ ሰው ነገ መኪናውን ቢነካ ወይም ኢንሹራንሱ ቢጠይቃችሁ የሚያሳይ ወረቀት ይኑራችሁ። ሁለተኛ፣ መኪናውን የሚጠበቅበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ በተለይ ቁልፉ ላይ የታርጋ ቁጥር ተጽፎ ከነበረ። ብዙ ሰው ቁልፍ መያዣው ላይ ታርጋውን ያስጽፋል። እኔ ይህን አልወድም። ላገኘው ሰው "ይህ ቁልፍ የዚያ መኪና ነው" ብሎ ከመንገር አይተናነስም። ስልክ ቁጥር ብቻ ይበቃል።

ቁልፉ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ከቀረ ሁለቱንም ስባሪ ጠብቁ። ከጭንቅላቱ ቺፗ ትወጣለች፣ ከስባሪው ብረት ደግሞ አዲስ ይቀረጻል። ማጣበቂያ ቀብታችሁ ለማውጣት ግን አትሞክሩ፤ ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር አብራችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ሊብሬ፣ መታወቂያና መንጃ ፈቃድ። መኪናው በስማችሁ ካልሆነ ውክልናው።
- የሻንሲ ቁጥር። ለአውሮፓ፣ ለአሜሪካና ለገልፍ የተሠሩ መኪኖች 17 ፊደልና ቁጥር አላቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጭር ነው፣ ሞዴሉን የሚገልጽ ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥር። 17 አልሞላም ብላችሁ አትደንግጡ።
- የመኪናው ስም፣ የስሪት ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የዳሽቦርዱና የቁልፍ መግቢያው ፎቶ። የጠፋው ቁልፍ የድሮ ፎቶ ካለ እሱም።
- የቁልፍ ኮድ። ከአዲስ ቁልፍ ጋር የሚመጣ ቁጥር የተመታበት ትንሽ የብረት ታግ አለ፣ የቶዮታ ብዙውን ጊዜ 5 አሃዝ ነው። ይህ ካለ ብረቱ ናሙና ሳያስፈልገው በማሽን ይቆረጣል። ታጉን ከቁልፉ ጋር አንድ ቀለበት ላይ አታንጠልጥሉት፤ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሊብሬ ሳይጠይቃችሁ "ችግር የለም፣ አሁኑኑ እሠራለሁ" የሚል ሰው ደስ ሊል ይችላል። ግን ለእናንተ ሳይጠይቅ የሠራ ለሌባም ሳይጠይቅ ይሠራል። ሰነድ የሚጠይቀውን ምረጡ።

ዋጋ ስትነጋገሩ አፍርሳችሁ ጠይቁ። የቁልፉ ዕቃ ስንት? መቅረጹ ስንት? ፕሮግራሙ፣ ማለትም ቺፗን መኪናው ላይ ማስመዝገቡ፣ ስንት? የመንገድና የውሎ ስንት? ካልተሳካስ የሚከፈለው ስንት? "በጥቅሉ እንስማማለን" የሚባለው ነገር ደብረ ሲና ከደረሰ በኋላ ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው።

ባለሙያው መጥቶ ምን ያደርጋል?

አንድ የሚሠራ ቁልፍ ካላችሁ ነገሩ አጭር ነው። አዲሱን ይቀርጻል፣ መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ይሰካል፣ አዲሷን ቺፕ ይመዘግባል። በአንዳንድ የድሮ ቺፕ ደግሞ የነባሩን ኮድ ወደ ባዶ ቺፕ ገልብጦ ይሰጣችኋል። ያኔ መኪናው ሁለቱን አንድ ቁልፍ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ይሠራል፣ ግን አንዱ ሲጠፋ እሱን ብቻ መሰረዝ አይቻልም። የትኛውን እንደሠራ ጠይቁት።

የድሮ ቶዮታ ካላችሁ ጥቁርና ግራጫ ቁልፍ ይኖራችሁ ይሆናል። ጥቁሩ ዋና ነው፣ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ የሚቻለው በእሱ ነው። ግራጫው ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ አያስመዘግብም። ጥቁሩ ጠፍቶ ግራጫው ብቻ ከቀረ፣ ለባለሙያው "ሁሉም ጠፍቷል" ከማለት ብዙም አይርቅም።

ሁሉም ከጠፋ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ የበሩን ሲሊንደር በልዩ መሣሪያ ከፍቶ የጥርሱን ጥልቀት ያነባል፣ ከዚያ ብረቱን ይቆርጣል። ቀጥሎ የኢሞቢላይዘሩን መዝገብ ባዶ ያደርጋል። በአዳዲሶቹ ይህ በሶኬቱ በኩል ያልቃል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ መሣሪያው ተሰክቶ 16 ደቂቃ ያስጠብቃል። እዚያ ላይ "ምን ነካው፣ ቆመ እኮ" ብላችሁ እንዳትነኩት። በድሮዎቹ ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር ወይም የኢሞቢላይዘሩ ሳጥን ተፈትቶ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ሜሞሪ ተነብባ፣ ተስተካክላ ትመለሳለች። ይህ የብየዳ ሥራ ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ በሚያፏጭበት ሜዳ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ይሠራ።

አሁን ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ የመኪናው ባትሪ። ቁልፍ እስኪመጣ ሳምንት የቆመ መኪና፣ በዚያ ላይ በዚህ ብርድ፣ ባትሪው ይወርዳል። ፕሮግራም መሃል ላይ ኤሌክትሪኩ ከወደቀ ኮምፒውተሩ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይሞታል። ከመጀመሩ በፊት ቻርጀር ወይም ሌላ ጥሩ ባትሪ ይገናኝ። ሬዲዮ፣ መብራት፣ ማራገቢያ ይጥፋ። ባለሙያው ራሱ ይህን ካልጠየቀ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አንድ ሐሳብ ይቀርብላችኋል፣ እምቢ በሉ፦ "ኢሞቢላይዘሩን ላጥፋልህ፣ ከዚህ በኋላ በማንኛውም ቁልፍ ይነሳል።" ወይም የአንዱን ቁልፍ ቺፕ አውጥቶ ከመግቢያው ጀርባ ማጣበቅ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን መኪናው ካቻቢቴ ለያዘ ሁሉ ክፍት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ በቁልፍ የሚነሱ ኪያና ሃዩንዳይ መኪኖች ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። ጎረምሶች የመሪውን ሽፋን ገንጥለው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያዞሩ ወሰዷቸው፤ ዘዴው በቲክቶክ ተሰራጨ። ኩባንያዎቹ በ2023 የሶፍትዌር ማሻሻያ እስከመስጠት ደረሱ።

ባለሙያው ሳይሄድ የሚፈተሽ

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ ሞክሩ። ሌላኛውን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ የአንዱ ቺፕ ሌላውን ሊያስነሳለት ይችላል። የሾፌሩ በር፣ የኋላው በር፣ የነዳጅ ክዳኑ። አስነሱ፣ አጥፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ አስነሱ። ቆልፋችሁ ቀዩ መብራት መብለጭለጭ መጀመሩን እዩ።

ከዚያ ጠይቁ፦ "ስንት ቁልፍ ነው የተመዘገበው?" መሣሪያው ቁጥሩን ያሳያል። እጃችሁ ላይ ሁለት ኖሮ እሱ ሦስት ካለ የጠፋው አልተሰረዘም። አሰርዙት። ግን ሲሰረዝም ብረቱ በሩን ይከፍታል፤ ሞተር አያስነሳም እንጂ ውስጥ ያለውን ዕቃ ማውጣት ይቻላል። ቁልፉ የጠፋው ሰፈራችሁ ውስጥ ከሆነና መኪናውን የሚያውቅ ሰው እጅ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የበሩን ሲሊንደርም ቀይሩ።

ስለ ሌባ ጥቂት

አብዛኛው የዛሬ ሪሞት በተጫነ ቁጥር አዲስ ኮድ ነው የሚልከው፣ ትናንት መኪናው የተቀበለውን ኮድ ቀድቶ ዛሬ መላክ አይሠራም። የድሮ ርካሽ አላርሞች ግን ሁሌ ያንኑ ኮድ ይደግማሉ። ቺፕም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ የተባለ የመረጃ ደኅንነት ኩባንያ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ላይ ያለ ባለ 40 ቢት ቺፕ ሚስጥሩን ሰብረው አሳይተዋል። የመንደር ሌባ ይህን አይሠራም፣ አትጨነቁ።

ስማርት ቁልፍ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ሁለት ሌቦች፣ አንዱ ከቤታችሁ በር አጠገብ፣ አንዱ ከመኪናው አጠገብ፣ በመሣሪያ የቁልፉን የሬዲዮ ምልክት አራዝመው ያሻግራሉ፤ መኪናው ባለቤቱ የመጣ መስሎት ይከፍታል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ማታ ቁልፉን ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሣጥኑን ይዛችሁ መኪናው አጠገብ ሄዳችሁ በሩ እንደማይከፈት መፈተሽ። ብዙ የቶዮታ ስማርት ቁልፎች ደግሞ ይተኛሉ፤ የመቆለፊያውን መጫኛ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ ጫኑ፣ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ካለች ተኝቷል። ጠዋት ማንኛውንም ስትጫኑ ይነቃል። ባትሪም ይቆጥባል።

ብርድና ጸበል

የብዙ ሪሞት ባትሪ ሲአር 2032 ነው፣ 3 ቮልት። ሲአር 2016 እና ሲአር 1632 የሚወስዱም አሉ፣ ስለዚህ አሮጌውን አውጥታችሁ የተጻፈበትን አንብቡ። የደከመ ባትሪ በብርድ ጉልበቱ የበለጠ ይወርዳል። ማታ ደብረ ብርሃን ላይ እምቢ ያለው ቁልፍ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና ይሠራል። ይህን ካያችሁ ባትሪ ቀይሩ፣ እስከዚያ በእጃችሁ አሙቁት።

ስማርት ቁልፉ መንገድ ላይ ጨርሶ ከሞተስ? ውስጡ የተደበቀ ትንሽ ብረት አለ፣ በጎኑ ያለችውን መንጠቆ ስባችሁ አውጡና በሩን ክፈቱ። አላርሙ ቢጮህም አትደናገጡ። ፍሬን ረግጣችሁ የቁልፉን አርማ ያለበትን ጎን የማስነሻው መጫኛ ላይ አስነኩ፣ ድምፅ ሲያሰማ ተጫኑት። በቶዮታ ቦታው ይህ ነው፤ በሌሎች መኪኖች ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ ወይም መሪው ጎን ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም፣ የመኪናው ባትሪ ነው።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ስትገቡ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እንዳለ መግባት የተለመደ ነው። ከረጠበ አትጫኑት። ወዲያው ከፍታችሁ ባትሪውን አውጡ፣ ጭቃ ከገባበት በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ክፍቱን አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ምድጃ ላይ አታስቀምጡ። ቺፗ ውኃ ብዙም አትፈራም፤ የሚሞተው የሪሞቱ ሰሌዳ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ቢዋይዲና የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች መንገዳችን ላይ በዝተዋል። እነዚህ በስማርት ቁልፍ ብቻ ሳይሆን በካርድ ወይም በስልክ የሚከፈቱም አሏቸው። ስትገዙ ሁለቱንም ቁልፍና፣ ካለው ካርዱን፣ ተረከቡ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ የስልክ አፑ እዚያ ከተመዘገበ አካውንት ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ባለቤት ስልክ አሁንም በሩን የሚከፍት እንዳይሆን ሻጩ ፊታችሁ ያላቅቀው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተ በሩ አይከፈትም፣ ቁልፉም ጥፋተኛ ይመስላል። የተደበቀው ብረት የሚገባበት ቀዳዳ የት እንዳለ፣ 12 ቮልቱን ከውጭ በየት በኩል ማስነሳት እንደሚቻል ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፣ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ቆማችሁ በስልክ ለመጠየቅ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል።